ለሕፃን የሚቀመሰው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የተቋቋመው ወገን በወግ እንዲቀበር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሕፃናት ጥቂት እንናገራለን፤ ነገሩ እኛንም ይመለከታልና። በየድንኳኑ እንደሚታየው ሕፃን ሲያለቅስ አጠገቡ ያለው ሰው ለስላሳ ያቀምሰዋል፣ ወይም ብስኩት ያስይዘዋል። እናቲቱም ትልቅ ሰው የሰጠውን «ይቅርበት» ለማለት ታፍራለች።

ዝም ማለቱስ ዝም ይላል። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል፤ የእናት ጡትም ጣፋጭ ነው። ጎመኑን ግን በልምድ ነው የሚማረው። መጀመሪያ ፊቱን አጨማዶ ይተፋዋል፤ ስምንት ዐሥር ጊዜ በትዕግሥት ቢቀምስ ይለምደዋል። እንዲያውም ትምህርቱ በእናቱ ሆድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካን አገር የወጣ ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡላቸው ሕፃናት ካሮት ያለበትን ምግብ ሲቀምሱ ፊታቸውን እምብዛም እንዳላጨማደዱ አሳይቷል።

የፋብሪካው ብስኩትና ለስላሳ ግን ምላስን እንዲይዝ ተመጥኖ የተሠራ ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ይህን የለመደ ምላስ ለአተር ክክ ምን ግድ ይለዋል? የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ናት፤ በብስኩት ከሞላች ለእንቁላል ቦታ የላትም።

እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ ጀምሮ ስኳር በራሽን ነበር። (የራሽን ሰልፍ ምን እንደሆነ ለእኛ ማን ይነግረናል!) ራሽኑ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ2024 የታተመ ጥናት ከዚያ በፊትና በኋላ የተወለዱትን አስተያየ። ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ስኳር የተመጠነላቸው፣ ካደጉ በኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ያህል፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስኳርና ግፊት ከመካከላችን ስንቱን እንደወሰዱብን መዝገባችን ያውቃል።

ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አይጨመር። ከዚያ ወዲያ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ፣ ስኳር የሌለበት የገብስና የምስር ገንፎ፣ እንቁላል፣ የላመ ጎመን። አራስ ጠያቂም በብስኩቱ ፈንታ እንቁላል ይያዝ።

ለድንኳኑ ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን፦ ለሚያጠቡ እናቶች ከነፋስ የተከለለ ጥግና ሁለት ወንበር ይለይላቸው፤ ለስላሳ የሚያድሉት ወጣቶችም ለሕፃን እንዳይሰጡ የዕድሩ ዳኛ አስቀድመው ያስታውቁልን።