ዳግም ሲነሣ የሚደርቅ ኮምፒዩተር



በዛሬው ንግግሬ የማቀርበው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል፣ ሲይዙት ግን አስቸጋሪ ነው። ይኸውም በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ዳግም እንዲነሣ በታዘዘ ጊዜ ሳይጠፋም ሳይነሣም ባለበት ደርቆ የሚቀርበት ምክንያት ነው። ባለሙያው አጠገቡ ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ ያልፈዋል። ቆቦ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በተዘጋ ክፍል ብቻውን ለሚሠራ መሣሪያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትእዛዙን ከሩቅ የሰጠው ሰው በእጁ ሊነካው አይችልም፤ የክፍሉን ቁልፍ የያዘውም ለገበያ ወይም ለለቅሶ ወጥቶ እንደሆነ ሥራው እስኪመለስ ድረስ ይቆማል።

በዚያች ከተማ የመረመርኩት አንድ መሣሪያ ይህንኑ ጠባይ ያሳይ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያለ ችግር ይነሣል፤ በትእዛዝ ተነሥ ሲባል ግን ይደርቃል። ሠራተኞቹ ጥፋቱን ለቆላው ሙቀት ሰጥተውት ነበር። ግምቱ ለሰሚ ይስማማል፤ ሆኖም ሙቀት ቢሆን ኖሮ በሥራ መካከልም ባደረቀው ነበር።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ዳግም ሲነሣ መጀመሪያ አገልግሎቶቹ ይዘጋሉ፤ ቀጥሎ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል መሣሪያዎቹን በየድራይቨራቸው አማካይነት ያሰናብታል፤ የመጨረሻ የተመዘገበው አስቀድሞ ይወጣል። በመጨረሻም ለማሽኑ የመነሻ ምልክት ይሰጣል። አስቸጋሪው ነገር መዝገብ የሚጻፍበት ዲስክ፣ አንዳንዴም ስክሪኑ፣ ከጥፋቱ በፊት መዘጋታቸው ነው። ምስክሮቹ ቀድመው ይሄዳሉ።

የመጨረሻው ምልክት ታሪክ አስገራሚ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ኤቲ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ፕሮሰሰሩን ዳግም የማስነሣት ሥራ የተሰጠው ለኪቦርድ መቆጣጠሪያው ቺፕ ነበር። ዛሬም በዚያ ዝርያ ኮምፒዩተሮች ላይ ሊኑክስ ኤሲፒአይ በተባለው መንገድ ሞክሮ ካልሆነለት ወደዚያው አሮጌ በር ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለሙያ ኮምፒዩተር በደረቀበት ጊዜ የማስነሻውን መንገድ የሚቀይር ትእዛዝ ከሌላ ሰው ቀድቶ ይጨምራል። ይህ ግን የሚጠቅመው ከርነሉ እስከ በሩ ከደረሰ ብቻ ነው። መድረሱን ሳይጠይቁ መድኃኒት መቅዳትን እኔ ምርመራ አልለውም።

ስለሆነም በሲሪያል ገመድ ሌላ ኮምፒዩተር አገናኝተን፣ ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ ከመዝጋቱ በፊት ስሙን እንዲናገር አዘዝነው። «ሥርዓቱ ዳግም እየተነሣ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ፈጽሞ አልመጣም። የመጨረሻው ስም የኔትወርክ ካርዱ ነበር። ለማረጋገጥም ድራይቨሩን አስቀድመን በእጃችን አወጣነው፤ ኮምፒዩተሩ ያለ እንከን ተነሣ፤ መልሰን ስናስገባው ደረቀ።

ካርዱን መዝጋት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። በራያ ሜዳ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ከጠለፋው አፍ ካልመለሱት ማሳ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ያልተዘጋ ካርድም ከመስመሩ የሚደርሰውን መረጃ ወደ ማስታወሻው መጻፉን ሊቀጥል፣ በተለይም አንዱ ከርነል ሌላውን በቀጥታ ሲተካ የአዲሱን ከርነል ቦታ ሊያበላሽ ይችላል።

የቀድሞው ከርነል ደኅና ስለነበረ በሁለቱ መካከል ያሉትን ለውጦች እኩሌታ እየከፈልን ፈተንን። በዚህ ዘዴ 1,000 ለውጥ በ10 ያህል ሙከራ ይጣራል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ከርነል መገንባት ጊዜ ማባከን ስለሆነ ግንባታው አዲስ አበባ፣ ፈተናው ብቻ ቆቦ ላይ ተደረገ። የተገኘው ለውጥ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ የሚያስተኛው ነበር፤ ድራይቨሩም ከተኛው ካርድ መልስ ያለ ገደብ ይጠብቃል። መፍትሔው ከመዝጋቱ በፊት መቀስቀስና ለጥበቃው ገደብ ማበጀት ሆነ።

ከዚህ ሌላ ዎችዶግ የተባለውን የሰዓት ጠባቂ ሞልተንለታል፤ ከርነሉ በመዝጊያው ሰዓት ድምፁን ካጠፋ ጠባቂው ራሱ ማሽኑን ያስነሣዋል። ጠባቂው ግን ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ እንዳይዘጋ መታዘዝ አለበት፤ ይህም ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ባለሙያው አጠገቡ ሳለ፣ ሆን ተብሎ እንዲደርቅ በማድረግ ይፈተናል።