ልጁ ይመርመር፣ አይመርመር?

የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። ወረርሽኝ ገብቷል፤ ልጁ አተኩሶታል፣ ያስለዋል። እናት «እናስመርምረው» ትላለች። አባት «አርፈሽ ተቀመጪ» ይላል። ሌላ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና አባት ልጁን አቅፎ ሊወጣ ሲል እናት በሩን ይዛ ትቆማለች። አያት ከጓዳ ሆነው «ምች ነው የመታው፣ ሌላ ምን ሆኖ ነው!» ብለው ዳማ ከሴ ማሸት ይጀምራሉ።

«ኮሮና አልፎ የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል ብሎ አውጇል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሞያሌ ላይ ኤምፖክስ የተባለው በሽታ ሲገባ፣ በአገራችን በምርመራ መጀመሪያ የተረጋገጠበት ሰው ወር ያልሞላው ሕፃን ነበር። ወረርሽኙ ስሙን ቀይሮ ሲመጣ ጭቅጭቁም አብሮት ይመጣል። ስለዚህ ሰው በተረጋጋበት ጊዜ ብንነጋገርበት ይሻላል።

በኮቪድ ጊዜ ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠው ሲከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ቀስ ብዬ ሳዳምጣቸው የሚጣሉት ውጤቱ ከመጣ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። ስለ ራሱ ስለ ምርመራው ማንም አያነሳም። የምታስታውሱት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ አንድ የጃፓን ዜጋ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ያኔ «ተገኘበት» ማለት በአዲስ አበባ ምን ማለት እንደነበር እናንተም አትረሱትም፦ አምቡላንስ ሰፈር ይገባል፣ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ታማሚው ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ በኋላም ወደ ሚሊኒየም አዳራሽ ይወሰዳል፤ ንክኪ አላቸው የተባሉት ለ14 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባሉ። መንደሩ በሙሉ አጥር ላይ ሆኖ ያያል።

እንግዲህ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በቀን ሥራ የሚያድር አባት አስቡ። መጸዳጃው የጋራ፣ የውኃው ቧንቧ የጋራ። «አከራዩ ዕቃችሁን አውጡ ቢለኝስ? 14 ቀን ሥራ ካልወጣሁ ምን እንበላለን? ልጄን ብቻውን ቢወስዱብኝስ?» ይላል። ይህን ሰው «አላዋቂ ነው፣ በበሽታው አያምንም» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። አብዛኛው ያምናል፤ እያመነ ነው የሚፈራው። ሚስትየው ደግሞ ያችው ክፍል ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የባሏ እናት ከልጁ ጋር በአንድ አልጋ እንደሚያድሩ ታውቃለች። እሷ የምትፈራው ሞት ነው፤ እሱ የሚፈራው መበተን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እርስ በርስ የሚባባሉት ግን «ለእናትህ አታስብም» እና «ለልጅሽ አታስቢም» ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲያገግሙ ሲፈቀድ፣ የጭቅጭቁ ግማሽ በአንድ ጊዜ ሲከስም አይቻለሁ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት ለየቤቱ አራት አራት መመርመሪያ በፖስታ በነፃ ይልክ በጀመረ ጊዜ ይህንኑ አይተዋል። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መስመር የሚያሳይ ምርመራ ጎረቤት አያየውም። ስለዚህ የጤና ተቋማት ወላጅን «ለምን እምቢ አልክ?» ከማለታቸው በፊት ሳይረኑን ቢያጠፉት ጥሩ ነው። ይህ የግሌ አስተያየት ነው፤ አልመለስበትም።

ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ወሬ የበዛበት እሱ ነውና። «አንጎል ድረስ ይገባል» የሚባለው ሐሰት ነው። ጫፏ ለስላሳ የሆነች ቀጭን ዘንግ በአፍንጫ ወለል ላይ ቀጥታ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ወደ ላይ አትወጣም። በአፍንጫና በአንጎል መካከል አጥንት አለ። አፍንጫው ካስቸገረ ከጉሮሮም ናሙና ይወሰዳል። የሚያስለቅስ፣ የሚያስነጥስ፣ ዓይን የሚያስነባ ነገር ነው፤ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል።

የተወሰደው ናሙና ፒሲአር ወደሚባለው መሣሪያ ከሄደ፣ መሣሪያው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት እንደ ፎቶ ኮፒ ማሽን እያባዛ ይፈልገዋል፤ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ይሆናል፣ በ30 ዙር አንዷ ቅንጣት በስሌት ከቢሊዮን ታልፋለች። ስለዚህ ጥቂትም ብትኖር ይደርስባታል። ጣጣው ደግሞ ከዚያው የሚመጣ ነው፤ ልጁ ድኖ፣ ለሰው ማስተላለፉ አብቅቶ፣ የሞተው ቫይረስ ቁርጥራጭ ሳምንታት ሙሉ «ፖዘቲቭ» ሊያሰኘው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚለቀቀው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ነፃ ሲባል ስለነበር፣ ደህና ሆነው ሳሉ ወር ያህል የተቀመጡ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መመሪያ የለወጠው በግንቦት 2012 ዓ.ም. ነው፤ ምልክት ከታየ 10 ቀን ካለፈና በላዩ ላይ ሦስት ቀን ያለምልክት ከተጨመረ ይበቃል ተባለ። «ልጄ ገብታ አትወጣም» ያለችኝ አንዲት እናት ከሜዳ ተነስታ አልነበረም።

ፈጣኑ ምርመራ፣ አንቲጅን የሚባለው፣ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ምልክት በታየ በመጀመሪያው ሳምንት ጎበዝ ነው፤ ቫይረሱ ሲያንስ ግን ያመልጠዋል።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አክስት እሑድ ቡና ጠጥታ ሄደች፤ ሰኞ «ተገኘባት» ተባለ፤ ማክሰኞ ልጁን ይዞ ሩጫ። ነፃ ተባለ፤ እልልታ! አባት «አላልኩሽም?» ይላል። ወዳጄ፣ ቫይረሱ በሰውነት ተራብቶ በምርመራ ለመታየት ቀናት ይፈልጋል። ምልክቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአምስተኛና በስድስተኛው ቀን ገደማ ነው፤ እስከ 14 ቀን ሊዘገይም ይችላል። ማክሰኞ የተገኘ «ነፃ» ስለ እሑዱ ቡና የሚነግራችሁ ነገር የለም። ምልክት የሌለው ልጅ ከሆነ ከንክኪው በኋላ አምስት ቀን ያህል ጠብቁ፤ እስከዚያ ግን አያቱን አልጋ ለዩላቸው። ምልክት ካለው ሳትቆዩ ውሰዱት።

ይኼኔ አባት፣ «ቢገኝበትስ መድኃኒት አለው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአብዛኛው ሕፃን ውጤቱ ሕክምናውን አይለውጠውም። ትኩሳቱን ማብረድ፣ ፈሳሽ መስጠት፣ የሚጠባውን ማጥባት፣ በቃ። ውጤቱ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ በዙሪያው ላሉት ነው፦ ለአያት፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች አክስት፣ ጉሊት ወጥታ ከሰው ጋር ለምትውል እናት፣ ለክፍል ጓደኞቹ። ስለዚህ ባለትዳሮች እንዲነጋገሩበት የምፈልገው «ይመርመር ወይ» ከማለታቸው በፊት ነው፦ ቢገኝበት ነገ ጧት ምን እናደርጋለን? እማማ የት ያድራሉ? ማን ከሥራ ይቀራል? ባይገኝበትስ የምንለውጠው ነገር አለ? አንዳንዴ መልሱ «ቢገኝም ባይገኝም ለ10 ቀን እማማን እህትሽ ቤት እንወስዳለን፣ ልጁም ከቤት አይወጣም» የሚል ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ምርመራው ቢቀርም ያን ያህል አልከፋም። ሐኪም ይህን ሲል መስማት ይገርማችሁ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። ወላጆች ስለ ኮሮና ሲከራከሩ ልጁን የሚገድለው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ሳምባ ምች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚቀጥፉት በሽታዎች አንዱ ነው፤ ቆላ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሳያለቅስ፣ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። የታችኛው የደረቱ ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባትም መጠጣትም ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ክርክሩን እዚያው ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ትኩሳት ያለው ልጅም የወባ ምርመራ ሳይደረግለት አይደር። አያት ዳማ ከሴውን ይዘው ይከተሉ፤ አልቃወምም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ፣ «ከባለቤቴ ተፋተናል፤ ልጁ እኔ ጋ ነው፤ አባቱ ደውሎ እንዳታስመረምሪው አለኝ። ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የምነግራት ሁሉም ሊያውቀው የሚገባውን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ሳሉ የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት በእኩልነት ነው ይላል። ሲፋቱ ፍርድ ቤት ማን እንደሚያሳድግ ይወስናል፤ የልጁን ጤና መጠበቅም የአሳዳሪው ግዴታ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በያላችሁበት ጠይቁ። እንዲያው ለነገሩ፣ እኔ ብሆን ከፍርድ ቤት በፊት አባትየውን «ቅዳሜ ወዳንተ ሲመጣ እናትህ አሉ አይደል?» ብዬ እጠይቀው ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ያልተጠየቀው ልጁ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስትጨቃጨቁ ይሰማል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ናሙና ሊሰጥ ተቀምጦ፣ «ከተገኘብኝ አያቴ በእኔ ምክንያት ትሞታለች?» ብሎ ጠይቆኛል። እናቱ ክው አለች፤ ማንም እንደዚያ አላለውም፤ ከእነሱ ንግግር እየለቃቀመ የሰፋው ነው። እንዲህ ላለ ልጅ «ዝም በል፣ ምንም የለም» አይበቃውም። በሽታው የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ሲመረመርም አያቱን ለመጠበቅ እየረዳ እንደሆነ ንገሩት። «አያምህም» ብላችሁም አትዋሹት፤ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ እስከ አምስት እንቆጥራለን፣ ያልቃል በሉት። ጭናችሁ ላይ ጀርባውን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንድ ክንዳችሁ ሁለቱን እጆቹን ይያዝ፣ ሌላው መዳፋችሁ ግንባሩን ደገፍ ያድርግ። የሚይዘው ወላጅ ምርመራውን የፈለገው መሆን አለበት፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከያዘው ልጁ ያውቅበታል።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ደግሞ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብላችሁ የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ምስጢር አትጫኑበት። ለጎረቤት የሚባለውን እሱ እየሰማ ተስማሙበት። «ልጁ ሳል ይዞት ተኝቷል፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ አትግቡብን፤ የምታመጡልንን በር ላይ አስቀምጡልን» ቢባል ውሸት የለበትም። ልጁም ትምህርት ቤት ሲመለስ የሚለው እሱኑ ነው።

አሁን ወደ ስልኮቻችሁ እንሂድ። የመጀመሪያው አድማጭ መስመር ላይ ናቸው፤ ይግቡ።