በደብረ ማርቆስ ገጠር ትምህርት ቤት ስንሠራ

(ለደጋፊዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎቴ እንድነግራችሁ ስትጋብዙኝ የተመረቀ ሕንፃ ፎቶግራፍ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እርሱንም ይዣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ተሰነጠቀ ግድግዳ ልንገራችሁ።

የሕንፃ ባለሙያ ባሕር ተሻግሮ በኢትዮጵያ ገጠር በበጎ ፈቃድ ማገልገሉ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ተቋም ተቋቋመ፤ ብዙዎቻችን «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያሠራ ክፍል ተከፍቶ፣ ወጣት የስዊድን በጎ ፈቃደኞች በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማሩ። ንድፉ ቀላልና በየቦታው የሚደገም ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። በእኔ አስተያየት ከንድፉ ይልቅ መዋጮው ይበልጣል። ያዋጣ ሰው ጣሪያው ሲያፈስ የማንንም ደብዳቤ አይጠብቅም።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሙያውን የተማርሁትም የምኖረውም በውጭ አገር ነው። ስለዚህ ጎጃም ስሄድ በቋንቋ የአገር ልጅ፣ በሌላው ሁሉ እንግዳ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ወሩ ጥር ነበር። ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ አራት የመማሪያ ክፍሎች ልንሠራ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ፣ ለመኪና መንገድ የቀረበ፣ መሬቱም እንደ ድንጋይ የደረቀ ነበር። ደስ አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ግን መሬቱን በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ ወልካ ነው። ከብት እናሰማራበታለን እንጂ ቤት አንሠራበትም» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልሁና መሠረቱ ጥቂት ጠለቅ እንዲል አዘዝሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ፈቃዴ ስድስት ወር ብቻ ነበር፤ ቸኩዬ ነበር።

ሕዝቡ በወንፈል ወጣ። ድንጋዩን ከወንዝ በአህያና በትከሻ አመጡ። ሰኔ ሲገባ ሥራው አለቀና ተመለስሁ። በመስከረም መጨረሻ ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

ወልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ሲርስ ከመካከሉ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ ሕንፃው ባንድ ወገን ይነሣል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ።

በኅዳር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ተመለስሁ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው፣ «ክረምቱን ሳታየው ነዋ የሄድኸው» ብቻ አሉኝ።

አዲሱን ቦታ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው መረጡ፤ ቀይ አፈር ያለበት፣ ከመንገዱ የራቀ ተዳፋት ነው። ሴቶቹ ውኃ በእንስራ ሽቅብ ሲሸከሙ ባየሁበት ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ የፊተኛው ድካማቸው በእኔ ምክንያት ጠፍቷልና። ቆርቆሮውን ከአሮጌው ቤት አውርደን ተጠቀምንበት። ከላይ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፣ የጣሪያውን ክፈፍ አስረዘምን፣ የጭቃውን ግድግዳ ከፍ ባለ የድንጋይ ልክ ላይ አቆምን። ከእናንተ መካከል ሊሄድ የሚያስብ የሙያ ባልደረባ ካለ፣ ቦታውን ለማየት በጥር ሳይሆን በሐምሌ ይሂድ።

በዚያ ዓመት እኔም እዚያው ከረምሁ። በሰኔ አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህርቷ ድምፅዋ አልሰማ ብሎ ጠመኔዋን እንደ ያዘች ቆመች። ልጆቹም ዝም ብለው ጠበቁ። ይህ በንድፌ ላይ አልነበረም። ኮርኒስ ያስፈልግ ኖሯል። የሁለቱን ክፍሎች ሠርተናል፤ የቀሩትን የሁለቱን የወጪ ግምት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።