ለአዲስ ጎጆ ወጪዎች፦ ቤት መግዛት ወይስ መሥራት?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጎጆ ወጪዎች ዘወትር የሚጠይቁን «ያለቀ ቤት እንግዛ ወይስ እንሥራ?» እያሉ ነው። እኛ ደግሞ አስቀድመን «መሬቱስ እንዴት ነው?» እንላለን። የጣርማ በር ሰው ያለው ዳገት ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ የብዙ ሰው ቤት ይዞ ሄዷል። በ1953 ዓ.ም.ም የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴንና ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎድቷል።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው በበጋ ብቻ አይቶ አይዋዋል። በበጋማ ሁሉም ግድግዳ ደህና ነው! ነሐሴ ላይ ሄዶ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ስንጥቁ በአዲስ ምርጊት ተሸፍኖ እንደሆነ ይመልከት። ጎረቤት ይጠይቅ፤ ደላላው አይነግረውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፤ የምንገዛው ቤቱን ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት የለም።

የሚሠራ ሰው መሠረቱን በዓይኑ ያያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ገንዘቡ መሐል ላይ ያልቃል። ጣሪያ ያልለበሰ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ አንድ ክረምት አይችልም። ቆርቆሮው ሳይገዛ ምሰሶ ባይተከል ይሻላል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ የሚሠራማ ምስጡንም ያስብ፤ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ያድርግ።

እኛን ከጠየቃችሁ፣ ገንዘቡ እስከ ጣሪያ የሚያደርሰው ሰው ይሥራ። የማያደርሰው፣ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን አነስ ያለ ቤት ይግዛ። የካርታ ነገር ያልገባው ወረቀቱን ይዞ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን።