መለኪያው ስለማይሰማው ጉርምርምታ
(በግሩነርሎካ፣ ኦስሎ፣ በተማሪዎች የጥናት ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ባለፈው ስብሰባችን የተነሣው ጥያቄ «በውጭ አገር የምንቀስመው ትምህርት ለሕዝባችን ምን ይፈይዳል?» የሚል ነበር። ዛሬ ይዘን የቀረብነው መልስ ትንሽ ነው፤ የተገኘውም ከአንዲት እኅታችን መኝታ ቤት ነው።

ይህች እኅታችን የምትኖረው እዚሁ ግሩነርሎካ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከተሠሩት የጡብ ቤቶች በአንደኛው ነው። ባለፈው ኅዳር «ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ያጉረመርማል፤ ጆሮዬን በጥጥ ብደፍነውም አይተወኝም» አለችን። በመጀመሪያ የጠረጠርነው በቶርቫልድ ሜየር ጎዳና የሚያልፈውን ትራም ነበር፤ የኦስሎ መሬት በብዙ ቦታ ሸክላ አፈር ስለ ሆነ የሐዲዱን ንዝረት እስከ ቤት መሠረት ያደርሳልና። ነገር ግን ትራሙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያርፍ ጉርምርምታው አላረፈም።

አከራዩ አንድ መርማሪ ላከ። ሰውየው ከክፍሉ መካከል ቆሞ ለካና 24 ዴሲቤል አገኘ፤ «ይህ ጸጥተኛ ቤት ነው» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ጎረቤቶቿ ሐኪም እንድታይ መከሯት። እኛም ራሳችን፣ ይቅር ትበለንና፣ ፈተና ያደከማት መስሎን ነበር።

ያመንናት የሸክላ ማጫወቻዋ ከመሰከረ በኋላ ነው። ሸክላው ሳይዞር መርፌው ሲያርፍበት ከድምፅ ማጉያው ያው ጉርምርምታ ይወጣል። ከመካከላችን አንዱ «የመብራቱ ጣጣ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ መርፌውን ስናነሣው ግን ድምፁ ጠፋ። እንግዲያስ የመጣው በሽቦው ሳይሆን በወለሉና በጠረጴዛው በኩል ነው።

የድምፅ መለኪያ እንደ ጆሮ እንዲሰማ ተብሎ በሚዛን ይሠራል። የተለመደው የ«ኤ» ሚዛን በ1933 ፍሌቸርና መንሰን ባወጡት የጆሮ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1936 በአሜሪካ መመዘኛ ገባ (እነዚህ ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጆሮ ወፍራም ድምፅን በደካማው ስለሚሰማ፣ ይህ ሚዛን በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚርገበገብ፣ ማለት ከ50 ሄርዝ ድምፅ ላይ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለመንገድ ሁካታ ይህ ብዙ አይጎዳም። ለሌሊት ጉርምርምታ ግን ሚዛኑ ተከሳሹን በነፃ ይለቅቃል።

ግድግዳም ያው ነው። ከሠርግ ቤት ራቅ ብሎ የቆመ ሰው መሰንቆው ሳይሰማው ከበሮው ብቻ ይሰማዋል። የጡቡ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ከልክሎ ወፍራሙን ስላስገባው፣ በጸጥታው ውስጥ እሱ ብቻውን ነገሠ።

ከትምህርት ክፍላችን መለኪያ ተውሰን በእኩለ ሌሊት ገባን። በትራሷ አጠገብ በ«ኤ» ሚዛን 24፣ ወፍራሙን ድምፅ እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ሚዛን 52 ተነበበ። ድምፁን ዘርዝረን ስናይ በ49 ሄርዝ ላይ 51 ዴሲቤል ብቻውን ቆሟል። የኖርዌይ መብራት እንደ አገራችን ሁሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በእሱ የሚዞር ሞተር ጭነት ሲይዝ ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚቀር 49 ገደማ ላይ ያጉረመርማል። ፍለጋችን ምድር ቤት ካለው ሱቅ የማቀዝቀዣ ሞተር ዘንድ አደረሰን።

መርማሪውስ ለምን አልሰማውም? የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ነው፤ የእኅታችን ክፍል ደግሞ 3 ሜትር ተኩል። ግማሽ ሞገድ ልክ ገጠመበት ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ድምፁ በግድግዳው ሥር ይበረታል፤ በክፍሉ መካከል ግን ይሞታል። አልጋዋ ከግድግዳው ጋር ተጠግቷል፤ መርማሪው የቆመው መካከል ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ ቦታና ሚዛን አሳሳቱት እንጂ።

ጎረቤት አገሮች ይህን ዐውቀው ደንብ አውጥተዋል። ዴንማርክ ከ1997 ጀምሮ ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው ትለካለች፤ ነዋሪው «እዚህ ይበረታል» ያለበትን ቦታም ትጨምራለች። የሌሊት ወሰኗ 20 ነው፤ የእኛ 21 ሆነ። የስዊድን የ2014 መመሪያ ለ50 ሄርዝ የሚሰጠው 43 ነው፤ የእኛ በ8 አለፈው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ከ10 ዴሲቤል የበለጠ ልዩነት ሲታይ ድምፁ እንዲዘረዘር መክሯል። የእኛ ልዩነት 28 ነበር።

ማጋነን ግን አይገባም። እንዲህ ያለ ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል፤ ያደክማል፤ ያስቆጣል። ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ሰውን ያሳምማል የሚለው ወሬ ግን በ2020 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላይ ሲመረምሩት ማስረጃ አልተገኘለትም። ደግሞም ጉርምርምታ ከሚሰማቸው ሰዎች የአንዳንዶቹ ከገዛ ጆሯቸው የሚነሣ ነው። መለካት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

መሣሪያም ከዚህ አያመልጥም። የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ ሬይመንድ ቼን በ2022 እንደ ተረከው፣ የጃኔት ጃክሰን «ሪትም ኔሽን» ሲዘፈን የአንዳንድ ላፕቶፖች ዲስክ ሥራውን ያቆም ነበር፤ በዘፈኑ ያለ ድምፅ ከዲስኩ ተፈጥሯዊ ንዝረት ጋር ስለ ገጠመ ነው። አምራቹ ያን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ ጨመረበት። በሐኪም ቤት የልብ ምት መመዝገቢያ ላይ የሚታየው የ50 ሄርዝ ረብሻ ግን ሌላ ዘር ነው፤ በሽቦ የሚመጣ እንጂ ድምፅ አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ እኛንም ለጥቂት ቀን አሳስቶናል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰንም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሆኖ በዚያው በ«ኤ» ሚዛን ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ አንድ የ50 ሄርዝ ድምፅ 45 ለመባል በእውነቱ 75 መድረስ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርና ሌሊቱን የሚደልቀው ጭፈራ ቤት አብዛኛው ጉልበታቸው እዚያ ታች ነው። የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ከግሩነርሎካው ጡብ እጅግ የቀለለ ነው። የናፍጣ ወፍጮውን ግን አንኮንንም፤ እናቶቻችንን ከድንጋይ ወፍጮ አሳርፏል፤ የሚያስፈልገው ከሥሩ ጎማና ስፕሪንግ ብቻ ነው። የእኅታችንም ነገር ያለቀው በዚሁ ነው፤ ሱቁ ከሦስት ወር ደብዳቤ መጻጻፍ በኋላ ከሞተሩ ሥር አራት ስፕሪንጎች አስገባ።

በመጪው ዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። መለኪያውን እናውሳችኋለን፤ በ«ኤ»ም በ«ሲ»ም ንባቡን ጻፉልን፤ አልጋው የት እንዳለ፣ ከግድግዳው ስንት ክንድ እንደሚርቅም አትርሱ።