የክራንክሻፍት ግፊት ዋሸር፦ በቆዩ ስፖርት መኪኖች ላይ እንዴት እንደሚፈተሽና እንደሚቀየር
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ፋብሪካ አስረድተውናል። እኔ ደግሞ በሁለት ጣት መካከል ስለሚያዝ አንድ ቁራጭ ብረት ልናገር ነው። አትሳቁ! ይህ ቁራጭ ስንት ሞተር እንደበላ ብትሰሙ ሳቃችሁ ይቆማል።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ከምረቃ በኋላ ኑሮዬ እንግሊዝ አገር ሆነ። በትርፍ ጊዜዬ የቆዩ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖችን እጠግናለሁ። ከሁሉም በላይ የሚገቡልኝ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ካንሊ በሚባለው ሰፈር ይሠሩ የነበሩት ትራያምፎች ናቸው፦ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተው ስፒትፋየር፣ ጂቲ6፣ እንዲሁም 2.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያለው ቲአር6። ቆንጆ መኪኖች ናቸው። አንድ የታወቀ የሰውነት ድካም ግን አላቸው፤ እሱም የክራንክሻፍቱ ግፊት ዋሸር ነው።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። ክራንክሻፍት ሲዞር ክብደቱን የሚሸከሙት ክብ ብሮንዚኖች መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላም እንዳይንሸራተት የሚይዘው ያስፈልጋል። ለምን? ፍሪሲዮን ስትረግጡ የምትገፉት ኩሽኔታ የፍሪሲዮኑን ምንጭ ይጫናል፣ ምንጩ ቮላኖውን ይገፋል፣ ቮላኖው ደግሞ ከክራንክሻፍቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ክራንኩ በሙሉ ወደ መኪናው አፍንጫ ይሄዳል። ያንን ግፊት የሚቀበለው ግፊት ዋሸር ነው። ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ጀርባው ብረት፣ ፊቱ ለስላሳ ማዕድን የተቀባ፣ ዘይት የሚያልፍባቸው ቦዮች ያሉት ቅጠል ነው።

በእነዚህ ትራያምፎች ላይ ዋሸሮቹ የሚገኙት በመጨረሻው፣ በቮላኖው በኩል ባለው ዋና ብሮንዚን ግራና ቀኝ ሳይሆን ፊትና ኋላ ነው። ብዛታቸው ሁለት ብቻ፣ ቅርጻቸው ግማሽ ጨረቃ። ሁለቱም የሚቀመጡት ከላይ፣ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ነው፤ ከታች ያለው ክዳን ባዶ ነው። ከዚያው ዘመን የነበረውን ኤምጂቢ ብታዩ ዋሸሮቹ በመካከለኛው ብሮንዚን ላይ ናቸው፣ ከላይም ከታችም ስላሉ አራት ግማሾች ይሆናሉ። መምህሮቻችን እንዳስተማሩን ጫና ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው። ስፋቱን በግማሽ ስትቀንሱት ጫናው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ደግሞ ክብ ብሮንዚን ሲዞር ዘይቱን እንደ ሽብልቅ እየሳበ ራሱን ያንሳፍፋል፤ ጠፍጣፋ ዋሸር ግን ያንን በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ይበላል። በተለይ የሚበላው የኋለኛው ነው፣ ምክንያቱም ክራንኩ ወደ ፊት ሲገፋ የሚጨመቀው እሱ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ ቢበላ ምን ይሆናል? ዋሸሩ እየሳሳ ሲሄድ ከመቀመጫው ይለቅና ከታች የሚይዘው ስለሌለ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወድቃል። ሞተሩ አይቆምም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሹፌሩ ሳያውቅ መንዳቱን ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ የክራንኩ ብረት በቀጥታ ብሎኩን ይፍቃል። የጥቂት ፓውንድ ዕቃ ነበር፤ አሁን ብሎክና ክራንክሻፍት ሆነ። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስለኛል።

ምልክቶቹን ላስታውሳችሁ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከሞተሩ በኩል "ቋ" የሚል ድምፅ፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ማለት፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዙሩ በግልጽ መውረድ። አንዳቸውም ብቻቸውን ማረጋገጫ አይሆኑም። ማረጋገጫው ልኬት ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ዳያል ጌጁን በማግኔት እግሩ ብሎኩ ላይ ወይም የማይነቃነቅ ነገር ላይ ትከሉት፤ ጫፉ የክራንኩን ፑሌጃ ፊት ይንካ፣ አቅጣጫውም ከክራንኩ ዘንግ ጋር ትይዩ ይሁን። ትንሽ ካዘነበለ ንባቡ ይዋሻችኋል። ክራንኩን በእጅ ወይም በጥንቃቄ በዘንግ እያገዛችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉና ጌጁን ዜሮ ላይ አድርጉት። አሁን ጓደኛችሁ ፍሪሲዮኑን ይርገጥ። መርፌው የሄደበት ርቀት ክፍተቱ፣ ጋራዥ ውስጥ "ፕሌይ" የምንለው ነው። ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ሦስቱም ካልተቀራረቡ የጌጁን አተካከል ተጠራጠሩ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ጤነኛው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የየሞዴሉ መጽሐፍ ከዚህም ያጠበዋል። ጌጅ የሌለው ሰው ፑሌጃውን እያየ ፍሪሲዮን ያስረግጥ። እንቅስቃሴው በዓይን በግልጽ ከታየ መኪናው ከመንገድ መውጣት አለበት።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ ልንገራችሁ። ከሟች አባቱ ቲአር6 የወረሰ ጓደኛ አለኝ። የልጁ ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሙሽራዋን በአያቷ መኪና ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት ነው ብሎ እንዳየው ጠየቀኝ። ለካሁት፤ 0.52 ሚሊሜትር። "እንግዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ አሥር ኪሎሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከሰርጉ በኋላ እንሠራዋለን" አለኝ። እኔም "ዋሸሩ አሁን በቦታው መኖሩን የምናውቀው አንተም እኔም አይደለንም። ወድቆ ከሆነ አሥሩም ኪሎሜትር ብሎኩን የሚፍቅ ነው፤ የአባትህ ሞተር ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም" አልኩት። ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። በማግስቱ ግን ደወለና "በል ክፈተው" አለኝ።

የአከፋፈቱን ቅደም ተከተል በዚያው ልግለጽላችሁ፤ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። መኪናውን አንስታችሁ በጠንካራ እግሮች ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሱ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን አውርዱ። መጀመሪያ የታችኛውን ዝቃጭ ፈትሹ፤ የወደቀ ግማሽ ጨረቃ ካለ እዚያ ነው የምታገኙት። ከዚያ የመጨረሻውን ዋና ክዳን ብቻ ፍቱ፣ አቅጣጫውን ምልክት አድርጉበት። ሌሎቹን ክዳኖች አትንኩ፤ ክራንኩን ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። የኋለኛውን ዋሸር ለማውጣት ክራንኩን ወደ ኋላ፣ የፊተኛውን ለማውጣት ወደ ፊት ግፉ፤ በዚያ በኩል ያለው መያዣ ይላላል። በቀጭንና ለስላሳ ነገር አንዱን ጫፍ ስትገፉት በዘንጉ ዙሪያ ተንሸራቶ በሌላው በኩል ይወጣል። ካቻቪቴ አትጠቀሙ፤ የክራንኩን ፊት ይጭረዋል።

የጓደኛዬ መኪና ዋሸሮች ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ። የፊተኛው 2.33 ሚሊሜትር ሆኖ አዲስ ይመስላል። የኋለኛው 2.09 ነበር፤ ለስላሳው ቅብ አልቆ ከሥሩ ያለው ብረት በአንድ በኩል ብቅ ብሏል። አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በኋለኛው ቦታ መደበኛ 2.33 ብናስገባ የምንቀንሰው 0.24 ነው፤ 0.52 ሲቀነስ 0.24 እኩል ይሆናል 0.28። አሁንም ሰፊ ነው። ይህ ማለት ዋሸሩ ብቻ ሳይሆን የክራንኩም ፊት ትንሽ ተበልቷል ማለት ነው። ስለዚህ 0.13 ሚሊሜትር የሚወፍረውን፣ 2.46 የሆነውን ኦቨርሳይዝ ወሰድን፤ 0.37 ስንቀንስ 0.15 ቀረን። ልክ ነው። ወፍራሙን ከኋላ፣ መደበኛውን አዲስ ከፊት አደረግን። ወፍራሙ ከኋላ የሆነው የተበላው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ስታስገቡ ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ቦይ ያለው ለስላሳ ፊት ወደ ክራንኩ፣ ብረቱ ጀርባ ወደ ብሎኩ። ተገልብጦ የገባ ዋሸር ለስላሳ ፊቱ ብሎኩ ላይ ተቀምጦ ብረቱ ክራንኩን ይፍቃል። ዘይት ቀብታችሁ አንሸራቱት፣ ክዳኑን በምልክቱ መልሱ፣ ቡሎኖቹን በመጽሐፉ በተጻፈው ኃይል በቶርክ መፍቻ እሰሩ። ከዚያም ማጠራቀሚያውን ከመዝጋታችሁ በፊት ክራንኩን በእጅ አዙሩትና እንደገና ለኩ። ከዘጋችሁ በኋላ የተገኘ ስህተት እጥፍ ሥራ ነው። በመጨረሻ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ።

ዋሸሩ ወድቆ ብሎኩ ከተፋቀስ? ያኔ ሞተሩ ይወርዳል፣ ብሎኩ ማሽን ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል። በዚህ አጋጣሚ አንዳንድ ባለሙያዎች የታችኛውንም ክዳን ቆርጠው በፒን የተያዘ ዋሸር ይጨምሩበታል፤ ሙሉ ክብ ይሆንና የሚሸከመው ስፋት እጥፍ ያድጋል፣ መውደቂያም አያገኝም። ብሎክ ለተፈታ ሰው የሚያዋጣ ሥራ ነው።

ዕድሜውን የሚያረዝመው ግን የሹፌሩ እግር ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጉ እንጂ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አትጠብቁ። እየነዳችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ። ከመጠን በላይ ጠንካራ የፍሪሲዮን ምንጭ አታስገቡ። ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱም ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አትያዙ፤ ዘይቱ ገና ሳይደርስ ዋሸሩ በደረቁ ይፋጫል።

"ይህ የሀብታም ፈረንጅ መጫወቻ ነው" የምትሉ አትጠፉም። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ የነዳችሁ ግን ጉዳዩ የእናንተም ነው። በቮልስ ሞተር ላይ ይኸው ክፍተት በቮላኖው በኩል በሚገቡ 3 ስስ ሮንዴላዎች ይስተካከላል፤ ጤነኛው ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፣ 0.15 ሲደርስ የመጨረሻው ወሰን ነው። የቆየ ቮልስ ጓሮ ያቆመ ሰው ዛሬ ማታ ፑሌጃውን ይዞ ሳብ ገፋ ቢያደርገው ብዙ ይነግረዋል።

አሁን በሥራ ላይ ላላችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹ ስለ ግፊት ብሮንዚን በሰሌዳ ላይ ይማራሉ፤ ጥሩ ነው። ግን ወርክሾፕ ውስጥ ካለ ከማንኛውም የቆመ ሞተር ላይ ዳያል ጌጅ ተክለው ክፍተቱን ራሳቸው ይለኩት፤ ከዚያም እንደ ጓደኛዬ ሞተር፣ የትኛው ውፍረት እንደሚገባ አስልተው ፊርማቸውን ያኑሩበት። ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ቁጥሩን በራሱ እጅ ያገኘ ተማሪ ነገ ባለቤቱ "አንድ ቀን ብቻ" ሲለው የሚመልሰው አያጣም። ጌጁን በተመለከተ፣ ለእንደዚህ ያለ ትምህርት የሚያስፈልገውን እኛ ተመራቂዎች ማዋጣት እንችላለን፤ እኔ የራሴን ድርሻ ዛሬ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክባለሁ።

የሙሽራዋን ነገር ለምትጠይቁኝ፦ በአያቷ መኪና ደርሳለች። ባለፈው ክረምት ደግሜ ስለካው ክፍተቱ 0.16 ነበር።

ጥያቄ ያለው ከምሳ በኋላ ይያዘኝ፤ አንድ ያረጀ ዋሸር ኪሴ ውስጥ አለ፣ አሳያችኋለሁ።