ስንቃችንና ጤናችን

(በቃሊቲ ማረሚያ ቤት፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ተናጋሪ ሲሆን የመዋጮ ዝርዝር ይነበባል ብላችሁ ሳትጠብቁ አትቀሩም። የመዋጮው ሪፖርት ለብቻው ቀርቧል። ዛሬ የምናነሣው በማንኪያ እየተቆጠረ በየቀኑ ስለሚገባና ዓመት ጠብቆ ስለሚጠራቀም ሌላ ሒሳብ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የሚሏቸው የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ስኳር በሽታ፣ ካንሰርና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ናቸው። ለልብና ለስትሮክ በር ከፋቹ ደግሞ ደም ግፊት ነው። በአንድ ወቅት የሀብታም በሽታ ይባሉ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞትባቸዋል፤ አብዛኛው ሟች የሚገኘውም እንደ አገራችን ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ይህን ቁጥር ወደዚህ አዳራሽ አምጥተን ብንቆጥረው፣ በየስድስቱ ወይም በየሰባቱ ወንበር አንዲት እህት ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዋና መንስኤዎቹን አምስት ይላቸዋል፤ ትምባሆ፣ ጎጂ የአልኮል አጠቃቀም፣ ጤናማ ያልሆነ አመጋገብ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስና የተበከለ አየር። ከዚያም ምክሩ ይከተላል፤ "የአኗኗር ዘይቤያችሁን አስተካክሉ" ይባላል። እዚህ ለምንኖር ሴቶች ይህ ቃል መጀመሪያ ሲሰማ ፈገግ ያሰኛል። የምንነሣበት ሰዓት በቆጠራ ነው። የምንበላው ከወጥ ቤት ወይም ከስንቅ የመጣውን ነው። ብዙዎቻችን ከመምጣታችን በፊት ዓመታት ያሳለፍነው በከሰልና በእንጨት ጭስ ውስጥ ነው፤ ያንን ጭስ ማንም መርጦት አልኖረበትም። ስለዚህ ስለ ምርጫ ከመናገራችን በፊት ምርጫው በማን እጅ እንዳለ መለየት አለብን። ሒሳቡን በሦስት እንክፈለው፤ በእኛ እጅ ያለ፣ በማረሚያ ቤቱና በሕግ እጅ ያለ፣ ስንቅ በሚያመጣልን ሰው እጅ ያለ።

በእኛ እጅ ካለው እንጀምር። የመጀመሪያው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ያው የ2007ቱ ጥናት ኢትዮጵያዊው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም እንደሚወስድ አሳይቷል። ልዩነቱ 3.3 ግራም ነው። በ365 ቀን ብናባዛው በዓመት ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም በላይ ትርፍ ጨው በአንዲት ሴት አካል ውስጥ ያልፋል። ጨው ውኃ ይስባል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚጓዘው ደም መጠኑ ይጨምራል፣ ልብም በላቀ ኃይል ለመግፋት ትገደዳለች። ብዙ ጊዜ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ በርበሬውም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ሳንቀምስ እንነሰንስበታለን። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለው ተረት ስለ መጣፈጥ እንጂ ስለ መጠን አልነገረንም። መጠኑን የምናውቀው ቀድመን በመቅመስ ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሻይ የምትጠጣ፣ በእያንዳንዱ ብርጭቆ አራት የሻይ ማንኪያ የምትጨምር እህት፣ በቀን 12 ማንኪያ፣ ማለትም 48 ግራም ገደማ ስኳር ትወስዳለች። ለአንድ አዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በግማሽ ቢቀንስ ይመረጣል። ብስኩትና ለስላሳ ሳይታከል ጣሪያው ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ማንኪያ ብቻ ብትቀንስ በዓመት ከ4 ኪሎ በላይ ይቀነሳል። ምላስ ደግሞ ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ታግሦ ላሳለፈ ሰው የበፊቱ ሻይ ራሱ ሽሮፕ ይመስለዋል።

ሦስተኛው መቀመጥ ነው። ጥልፉም፣ ስፌቱም፣ ጨዋታውም፣ ሐሳቡም ቁጭ ብሎ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ልብን፣ ደም ሥርንና የስኳር መጠንን ይረዳል፤ ጭንቀትንም ያቀላል። ቦታው ጠባብ ነው የምትሉ ኔልሰን ማንዴላን አስቡ። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ማንዴላ፣ በኋላ በሮበን ደሴት ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ባሉበት ቆመው ይሮጡ ነበር።

ይህም ወደ ሁለተኛው ክፍል ይወስደናል። በእርሳቸው ስም የተሰየሙትና የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የውጭ ሥራ የሌለው እስረኛ አየሩ ከፈቀደ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከቤት ውጭ እንዲንቀሳቀስ ይላሉ። አንድ ሰዓት በሰባት ቀን 420 ደቂቃ ነው፤ ከሚያስፈልገን 150 ደቂቃ በሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚያች ሰዓት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ መሞቅ ብቻ ሳይሆን ክብ ሠርተን እንራመድባት። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሐኪም የሚለው ቃል ለከባድ ሕመም ብቻ የተጻፈ አይመስለንም። ደም ግፊትን መለካትም ሕክምና ነው።

ደም ግፊት ድምፅ የለውም። ከመካከላችን አንዲት እህት ለወራት ራሷን ሲያማት "የልጆቼ ሐሳብ ነው" እያለች ሻሽ አጥብቃ ታስር ነበር። ስትለካ ግን ከ140 በ90 በእጅጉ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመረች፤ ሕመሙ ሲተዋት መድኃኒቱንም ተወችው፤ ግፊቱ ተመለሰ። አሁን ክኒኗን በየቀኑ ትወስዳለች። የእርሷ ነገር ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። ሐሳብና ሕመም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ስላለ ሌላው የለም አይባልም። የግፊት መድኃኒት ደግሞ እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲሻል የሚቆም አይደለም፤ የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪም ነው።

ሦስተኛው ክፍል ስንቅ ነው፤ ዛሬ በዋናነት የመጣንበትም ጉዳይ ይኸው ነው። ጠያቂ ያላት እህት ቤተሰቧን "ስኳሩን ቀንሱልኝ፣ ምስር ጨምሩልኝ" ልትል ትችላለች። ጠያቂ የሌላት እህት ግን የምትበላውን የሚመርጥላት ማኅበራችን ነው። የእርሷ የአኗኗር ዘይቤ የሚጻፈው በእኛ የግዢ ዝርዝር ላይ ነው። በዝርዝሩ ላይ በብዛት የሚገዙት ደግሞ ስኳር፣ ብስኩት፣ ፓስታና የሚረጋው ዘይት ናቸው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው፤ ይህ ቅባት በደም ውስጥ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት አብዛኛው ቅባታቸው የማይረጋው ዓይነት ነው። ፈሳሹ ዘይት ውድ ከሆነ መጠኑን ቀንሰን እንግዛ፤ በጾም ወራት ሁሉም ወጥ በዘይት ሲሠራ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይታያል።

የድሮ ሰው የሚሰንቀው በሶና ቆሎ ነበር። ገብሱ ከነአሰሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ጥጋቡ ይቆያል፣ ስኳርንም እንደ ብስኩት በአንዴ ከፍ አያደርግም። ሽምብራ፣ ምስርና አተርም እንዲሁ። ወደ እነዚህ መመለስ የፈረንጅ ምክር መከተል አይደለም።

ውድ ለጋሾቻችን፤ በየበዓሉ ስለምታስቡን እናመሰግናለን። የምንጠይቃችሁ በቅድሚያ የዝርዝር ለውጥ ነው። በከረሜላና በለስላሳ ካርቶን ፋንታ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ካሮት፣ በሶና ጥራጥሬ ይምጣልን። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከእናቶቻቸው ጋር እዚህ የሚያድጉ ሕፃናት ምላሳቸው አሁን የለመደውን ነው ነገ የሚፈልገው፤ ፍርድ የሌለባቸው ልጆች ዕዳ ይዘው እንዳይወጡ እንርዳቸው። አቅም ከተረፈ ደግሞ በክሊኒኩ ባለሙያዎች እጅ የሚሆን አንድ የደም ግፊት መለኪያና ጥቂት የመዝለያ ገመዶች ይጠቅሙናል።

ለጉባኤው የምናቀርባቸው የውሳኔ ሐሳቦች ሦስት ናቸው። ጠያቂ ለሌላቸው እህቶች የሚገዛው ስንቅ ከመጪው ወር ጀምሮ ስኳሩ በግማሽ ቀንሶ በሶና ጥራጥሬ ይተካበት፤ የሚረጋው ዘይት ከዝርዝሩ ይውጣ። ከቤት ውጭ በምንሆንበት ሰዓት የምናደርገው የእርምጃ ቡድን ይቋቋም፤ ጉልበት የሚያማት በዝግታ፣ የምትችል በፍጥነት ትራመድ። የማረሚያ ቤቱን አስተዳደር ፈቃድ ጠይቀን፣ እያንዳንዷ አባል በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ግፊቷንና ስኳሯን እንድትለካና ውጤቷን በእጇ እንድትይዝ ይደረግ። ስትፈታ ያንን ወረቀት ይዛ ወደ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሕክምናዋ አይቋረጥም።

እያንዳንዳችን የተፈረደብን በዓመት ተቆጥሮ ነው፤ ያንን ቀን ጠብቀን እንፈጽመዋለን። ስትሮክና የኩላሊት ሕመም ግን በፍርዱ ላይ አልተጻፉም። በር ላይ የሚጠብቁን ልጆች የሚፈልጉት በእግሯ የምትራመድ እናት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ለሦስቱ ሐሳቦች እጃችሁን እንድታነሡ በአክብሮት እንጠይቃለን።